ለመቅጃው ሰፊ ዲስክ ወይስ አዲስ ዲስክ?

የቤት ደህንነት ካሜራ ለማስገጠም ዋጋ የሚያጠያይቅ ሰው ከነጋዴውም ከገጣሚውም አብዝቶ የሚሰማው ስለ ካሜራው ነው፦ ስንት ሜጋፒክሰል እንደሆነ፣ ማታ በቀለም ይቀርፅ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሥራ ቦታ ሆኖ በስልኩ ሊያየው ይችል እንደሆነ። ሃርድ ዲስኩ የሚነሳው በዋጋ ማቅረቢያው ግርጌ ነው። የሚጠየቅለትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ቴራ ነው? በጀት ሲጠብ የካሜራው ቁጥር አይነካም፤ የሚነካው ዲስኩ ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ፣ ቁጥሩ ትልቅ ዋጋው ትንሽ የሆነ ዲስክ ይገባና ፓኬጁ ይሟላል፤ ሻጭም ገዢም ተደስተው ይለያያሉ። በእኔ እምነት ግን እዚህ ላይ የተቀነሰው ከሁሉም ነገር ሊቀነስ የማይገባው ነው። ካሜራ ያየውን ወዲያው ይረሳል፤ ሌባ የገባበትን ሌሊት ለማግስቱ፣ ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤት የሚያቆየው ዲስኩ ነው። ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት መቅጃ የሚገዛ ሰው ስፋት ከሚያሳድድ ለተከታታይ ቀረጻ የተሠራ፣ እጅ ያልነካው አዲስ ዲስክ ቢገዛ፣ መጠኑ ግማሽ ቢሆን እንኳ፣ ይጠቀማል ብዬ እከራከራለሁ።

በመጀመሪያ ስፋትን በቀን እንቁጠረው። የዲስክ ፍጆታን የሚወስነው ካሜራው በየሰከንዱ የሚልከው የዳታ መጠን ነው፤ በመቅጃው ምናሌ ውስጥ «ቢትሬት» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ ሌት ተቀን ሲቀርፅ በ24 ሰዓት 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። አራት ካሜራ ያለው ቤት በቀን ወደ 173 ጊጋባይት ይጽፋል ማለት ነው፤ 1 ቴራባይት ዲስክ ስድስት ቀን ሳይደፍን ይሞላና መቅጃው በአሮጌው ቀረጻ ላይ መደረብ ይጀምራል። 2 ቴራ 11 ቀን ተኩል፣ 4 ቴራ ደግሞ 23 ቀን ያህል ይይዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነካው አንድ ማስተካከያ አለ። ካሜራውና መቅጃው ኤች.265 የተባለውን የማመቂያ ስልት የሚችሉ ከሆኑ፣ ከቀድሞው ኤች.264 ወደዚያ ሲዛወሩ ተቀራራቢ ጥራት በግማሽ ገደማ ዳታ ይገኛል። ስልቱ ሲቀየር የቢትሬቱ ቁጥርም አብሮ ዝቅ ሊል ይገባል እንጂ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ፍጆታው እንደነበረ ሊቀር ይችላል። ሁለቱም በወጉ ከተስተካከሉ 2 ቴራው ያለ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ ወጪ 23 ቀን ይይዛል። ትልቅ ዲስክ ሸጦ ይህን ሳያስተካክል የሚሄድ ገጣሚ ደንበኛው ለማያስፈልገው ቴራባይት እንዲከፍል አድርጎታል።

ስንት ቀን ይበቃል ለሚለው መልሱ በየቤቱ ይለያያል። መለኪያው ቤቱ ተዘግቶ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜና ጉዳዩ እስኪታወቅ የሚያልፉት ቀናት ድምር ነው። ለፋሲካ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ በሳምንቱ የሚመለስ፣ ተመልሶም ዕቃ መጉደሉን ለማስተዋል ጥቂት ቀን የሚወስድበት ቤተሰብ ሁለት ሳምንት ቢይዝለት ይበቃዋል። በአሜሪካ ወይም በዱባይ እየኖረ አዲስ አበባ ያሠራውን ቤት በስልክ የሚጠብቅ ሰው ወር ቢፈልግ አይፈረድበትም። ከዚያ በላይ የሚያስቀምጥ መኖሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ማንም የማያየውን የአጥር ግቢ ምስል ያከማቻል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅዳ የሚለው አማራጭ ቀኑን ያራዝማል፤ ነገር ግን የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ፣ ዝናብና ማታ በካሜራው መብራት ዙሪያ የሚርመሰመሱ ነፍሳት ያስጀምሩታል፤ አንዳንዴም እውነተኛውን እንቅስቃሴ ዘግይቶ ይይዛል። የዲስኩን ስፋት በእሱ ተማምኖ መወሰን አያዋጣም።

የተራ ኮምፒውተር ዲስክና ለካሜራ የተሠራው የሚለያዩት እነዚህ ቁጥሮች በዓመት ሲባዙ ነው። በኤች.264 የሚጻፈው በቀን 173 ጊጋባይት በዓመት 63 ቴራባይት ይሆናል። የዲስክ አምራቹ ሲጌት ለባራኩዳ የዴስክቶፕ ዲስኮቹ በሚያወጣው መግለጫ ላይ የዓመቱ የሥራ ጫና ወሰን 55 ቴራባይት ነው፤ ለካሜራ መቅጃ በሚሸጠው ስካይሆክ ላይ ግን 180። ዌስተርን ዲጂታልም ለፐርፕል ዲስኮቹ 180 ይላል። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው የሰዓቱ ነገር ነው። በባራኩዳው መግለጫ ላይ ዲስኩ በዓመት እንዲሠራ የታሰበው 2,400 ሰዓት ነው፤ በሥራ ቀናት ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ ኮምፒውተር ማለት ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው፤ መቅጃም አንዱንም ሰዓት አያርፍም። ስለዚህ ያ ዲስክ መቅጃ ውስጥ በገባ በ100 ቀኑ የዓመት ድርሻውን ይጨርሳል። ዋስትናውም ይህንኑ ይከተላል፤ ለዴስክቶፑ በተለምዶ ሁለት ዓመት፣ ለካሜራው ሦስት ዓመት። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ቁጥሮች የሞት ቀን አይደሉም፤ 55 ቴራ የሞላ ዲስክ በ56ኛው አይቆምም። አምራቹ እስከዚህ ድረስ አስቤበታለሁ፣ ከዚህ በኋላ በራስህ ኃላፊነት ነው የሚልበት መስመር ናቸው። በሳጥኑ ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ እኩል ክብደት አይሰጠውም። «እስከ 64 ካሜራ» የሚለው ጽሑፍ አራት ካሜራ ላለው ቤት ምንም አይነግረውም። «1 ሚሊዮን ሰዓት» የሚለውን አማካይ የብልሽት ጊዜም 114 ዓመት ይኖራል ብሎ የሚተረጉም ሻጭ አይጠፋም፤ ትርጉሙ ግን ብዙ ዲስኮች አብረው ሲሠሩ በዓመት ከመቶ አንድ የማይሞላው ይበላሻል ተብሎ ይጠበቃል ማለት ብቻ ነው።

ከጫናው ቀጥሎ የሚመጣው ዲስኩ ስህተት ሲያጋጥመው የሚያሳየው ጠባይ ነው። የኮምፒውተር ዲስክ የተነደፈው ሰነድ እንዳይጠፋ ነው፤ ማንበብ ያቃተውን ሴክተር ደጋግሞ ይሞክራል፣ አንዳንዴም ብዙ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ለደመወዝ መዝገብ ይህ ትክክለኛ ጠባይ ነው። አራት ካሜራ ያለማቋረጥ ለሚልኩለት መቅጃ ግን ዲስኩ በቆመ ቁጥር ጊዜያዊ ማቆያው ይሞላና ምስል ይጣላል። ለካሜራ የተሠሩት ዲስኮች በውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር አንዲት ነጠብጣብ ብትበላሽም ቀረጻው ይቀጥል በሚል ሐሳብ የተቃኘ ነው፤ ትእዛዙ በተወሰነ ጊዜ ካልተፈጸመ አልፎ መሄድ የሚያስችል ስልት አላቸው። ይህን የጊዜ ገደብ መቅጃው ራሱ ካልጠየቀ ዲስኩ ብቻውን ሁሉን አያደርግም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው የሚለውን ያህል ተአምር መጠበቅ የለበትም። የአጻጻፉም ዘዴ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ዲስኮች ብዙ ዳታ ለመያዝ መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ በጫፍ ላይ ይደራርባሉ፤ ይህ ኤስኤምአር ይባላል። አንዱን መስመር ለመቀየር ጎረቤቶቹን አብሮ መጻፍ ስለሚጠይቅ፣ ሞልቶ በላዩ ላይ ሲደረብበት ዲስኩ ይንተፋተፋል። በርካታ ርካሽ የ2 እና የ4 ቴራ የዴስክቶፕ ዲስኮች ኤስኤምአር ናቸው፤ ይህም በሳጥናቸው ላይ በጉልህ አይጻፍም። ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ የሬድ ዲስኮቹ ኤስኤምአር መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ዝርዝሩን ይፋ ለማድረግ ተገዷል፣ ተከሷልም። መደራረብ የሌለበት ሲኤምአር መሆኑን በሞዴሉ ቁጥር ማጣራት የደቂቃ ሥራ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳውን ጠንካራ ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ሊታለፍም አይገባም። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የዳታ ማከማቻ ድርጅት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዲስኮቹን የብልሽት መጠን ለሕዝብ ያወጣል። ድርጅቱ በ2011 እ.ኤ.አ. የታይላንድ ጎርፍ የዲስክ ዋጋ ሲያንር፣ በሱቅ የሚሸጡ ውጫዊ ዲስኮችን እየገዛ፣ ሽፋናቸውን ፈልቅቆ ሌት ተቀን አሠርቷቸዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባወጣው ንጽጽር ደግሞ ለተራ ሸማች የተሠሩት በዓመት 4.2 በመቶ፣ ለድርጅት ተብለው በውድ የሚሸጡት 4.6 በመቶ ተበላሽተዋል። ታዲያ ውዱ ስም ምን ጠቀመ? ተራውን መግዛት ሞኝነት ነው የሚለው ከየት መጣ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዲስክ ስም ዕድሜን ይገዛል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ቁጥር ሊያነብ ይገባል። ሆኖም የባክብሌዝ ቤትና የእኛ ቤት አንድ አይደሉም። ባክብሌዝ ዳታውን በ20 ቁራጭ ከፍሎ በ20 ማሽኖች ላይ ያስቀምጣል፤ ሦስቱ ቢሞቱም ፋይሉ አይጠፋም። ዲስክ ሲታመም የሚያይ ሰውና የሚጮህ ሥርዓት አለው፤ በተበላሸው ምትክ ሌላ ይገባል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ መብራቱም አይቆራረጥም። የመኖሪያ ቤት መቅጃ ውስጥ ያለው አንድ ዲስክ ነው፤ በተበላሸበት ቀን ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው ቀረጻው ሲፈለግ ነው። ስለዚህ ለቤት ከብልሽቱ መጠን ይበልጥ የሚያሳስበው ብልሽቱ ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ ነው። እኔም የካሜራ ዲስክ ይገዛ የምለው ከሌላው በጣም ያነሰ ይበላሻል ብዬ አይደለም፤ በሚታመምበት ጊዜ የሚያሳየው ጠባይ፣ የሰዓት ወሰኑና አንድ ዓመት የሚረዝመው ዋስትናው አንድ ዲስክ ብቻ ላለው ቤት የሚስማሙ ስለሆኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ምርጫ ግን አዲስ የዴስክቶፕ ዲስክ አይደለም። ያገለገለው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሁሉ ስለጨመረ፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» ለሚባለው ዲስክ ያለው ፍላጎት ቢያድግ አያስደንቅም። ብዙዎቹ ዲስኮች ከተበተኑ የቢሮ ኮምፒውተሮችና ከማከማቻ ማዕከላት የወጡ ናቸው። ፎርማት ተደርገው፣ ተወልውለው፣ በፀረ-ስታቲክ ከረጢት ሲታሸጉ ከአዲሱ አይለዩም። ውስጣቸው ግን መዝገብ አለ። እያንዳንዱ ዲስክ የበራበትን ሰዓትና ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮቹን «ስማርት» በሚባለው መዝገብ ይጽፋል። ክሪስታልዲስክኢንፎን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም፣ ወይም በብዙ መቅጃዎች ምናሌ ውስጥ ባለው የዲስክ ምርመራ ገጽ ይነበባል። አዲስ የተባለው ዲስክ 26,000 ሰዓት ካሳየ ሦስት ዓመት ሌት ተቀን ሠርቷል ማለት ነው። ይህም መዝገብ ሊታጠብ እንደሚችል ጀርመን ውስጥ ታይቷል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ሃይዘ የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ተቋም እንደዘገበው፣ በአዲስነት የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች የስማርት ሰዓታቸው ዜሮ ሆኖ ሳለ፣ ፋርም በተባለው ሁለተኛው የአምራቹ መዝገብ ላይ ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ተገኝቶባቸዋል። ምንጫቸው ቺያ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ሲሠሩ የነበሩ ማዕከላት ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ተገምቷል። ሕጋዊ ደረሰኝና ጠንካራ የሸማች ጥበቃ ባለበት ገበያ ይህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠውን ምን ልንል ነው? የመለያ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ አስገብቶ ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃ ማየት ይቻላል፤ ያለፈበት ወይም ለሌላ ድርጅት የተሸጠ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ለድሃ ቤት ይህ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። 4 ቴራ ያገለገለ ዲስክ በሚገዛበት ብር 2 ቴራ አዲስ ላይገኝ ይችላል፤ እውነት ነው። ከዚያ ወደ 1 ቴራ አዲስ መውረድ ይሻላል። በኤች.265 አራት ካሜራ 11 ቀን ይይዛል፤ ሁለት ካሜራ ብቻ ያለው ቤት ደግሞ 23 ቀን። ከዓመት በኋላ ገንዘብ ሲገኝ በትልቅ መተካት ይቻላል፤ መቅጃው የሚቀበለውን ከፍተኛ መጠን ግን አስቀድሞ ማየት ያሻል፤ አሮጌ ሞዴሎች ከተወሰነ ቴራ በላይ አያነቡም።

ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው። የጽሕፈት አቅሙ ቶሎ ያልቃል የሚለው የተለመደ መልስ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሳምሰንግ ለ1 ቴራው 870 ኢቮ የሰጠው የጽሕፈት ወሰን 600 ቴራባይት ስለሆነ፣ በዓመት 63 ቴራ ለሚጽፍ ቤት ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይበቃል። የኪንግስተን ባለ240 ጊጋው ኤ400 ግን ወሰኑ 80 ቴራ ነው፤ በዚሁ ቤት ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ ያልቃል፣ በዚያ ላይ የሚይዘው አንድ ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጥሩው ኤስኤስዲ በቴራባይት ሲታሰብ ውድ ነው፣ ርካሹ አይረባም። ሌባው መቅጃውን ራሱን ይዞ ቢሄድስ? ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። ሁሉን ወደ ክላውድ መላክ አራት ካሜራ በቋሚነት 16 ሜጋቢት በሰከንድ የመላኪያ ፍጥነት ስለሚፈልግ ለአብዛኛው ቤት አይታሰብም። የሚያዋጣው መቅጃውን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ሥር አውጥቶ የማይገመት ቦታ ማስቀመጥና በር የሚያየው ካሜራ ላይ ለተደጋጋሚ ጽሕፈት የተሠራ የሜሞሪ ካርድ መጨመር ነው።

ቦታ ሲመረጥ ታዲያ ሙቀቱም ይታሰብ። ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮች ላይ ባወጣው ጥናት መጠነኛ ሙቀት የተፈራውን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከፍተኛው ሙቀት ነው፣ በተለይ ያረጀውን ዲስክ። አየር የማያስገባ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ መቅጃ ወደዚያኛው ወገን ይጠጋል። መብራት መጥፋቱ ከዚህ የባሰ ነው። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ዲስኩ የማንበቢያ ራሱን በጥድፊያ ወደ ማረፊያው ይመልሳል፤ ይህ በሥርዓት ከመዘጋት ይልቅ ያደክመዋል። በዚያች ቅጽበት ይጻፍ የነበረው ማውጫም ተጎድቶ የቆየው ቀረጻ ሊጠፋ ይችላል። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ተጨማሪ ጉዳት ነው። መቅጃ ከነዲስኩ የሚፈጀው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ዩፒኤስ የተባለ አነስተኛ የመጠባበቂያ ባትሪ አጫጭሩን መቆራረጥ ያሳልፈዋል፤ ዲስክ ላይ ከሚጨመሩት ሁለት ቴራዎች ይልቅ ገንዘቡ እዚህ ቢውል እመርጣለሁ። እግረ መንገድ፣ የመቅጃው ትንሿ ባትሪ ከሞተች ከየመብራት መጥፋቱ በኋላ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመቅጃው 02:00 የሚለው በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት መሆኑን ሳያስተውሉ ትክክለኛውን ቀረጻ የለም ብለው የሚተዉም አሉ።

ዲስኩ የቱንም ያህል ቢመረጥ የሚያየው ሰው ከሌለ ግን ከባክብሌዝ ጋር ያነጻጸርነው ድክመት እንዳለ ነው። መቅጃዎች ዲስክ ሲታመም ድምፅ የሚያሰማ ማስጠንቀቂያ አላቸው፤ አንዳንድ ገጣሚዎች ደንበኛውን እንዳይረብሽ ብለው ያጠፉታል። ርክክብ ሲደረግ ይህ ድምፅ ተከፍቶ እንዲተው፣ የዲስኩ የሥራ ሰዓት በስክሪኑ ላይ ተከፍቶ እንዲታይ፣ የመለያ ቁጥሩም ከሞዴሉ ጋር በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። በቀጥታ የሚታየው ምስል ዲስኩ መሥራቱን አያረጋግጥም፤ ዲስክ የሌለው መቅጃም በስልክ ጥርት ያለ ምስል ያሳያል። በየወሩ መጨረሻ ላይ መቅጃው ሊይዘው ይገባል ከተባለው ቀን ሁሉ አሮጌውን መርጦ፣ ማታ የተቀረጸውን አምስት ደቂቃ ማጫወት ያስፈልጋል። 23 ቀን ይይዛል የተባለው ዲስክ ዘጠኝ ቀን ብቻ ካሳየ ወይ ቢትሬቱ አልተስተካከለም፣ ወይ ከመሀል የጠፋ ቀረጻ አለ፣ ወይም በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስፋት ውስጡ የለም፤ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ገጣሚው ዘንድ ይዞት የሚኬደው ያን ጊዜ ነው።